የልብ ትርታ ሲዛባ
ስለ ካቴተር ሕክምና ማወቅ የሚገባን

(ለማኅበረ ምእመናን ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች በተዘጋጀ የጤና ትምህርት ላይ የተደረገ ንግግር)



ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። የቀኝ እጃችሁን ሁለት ጣቶች በግራ እጃችሁ አንጓ ላይ፣ ከአውራ ጣት በታች ባለው ስፍራ አሳርፉ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላችሁ ተከታተሉ። የብዙዎቻችሁ ትርታ እንደ ግድግዳ ሰዓት እኩል እየተራመደ ይሄዳል። ዛሬ የምነግራችሁ ይህ እኩል እርምጃ ስለ ጠፋበት ልብ ነው። እንዲህ ባለው ልብ ትርታው አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል፤ አንዴ ጎላ ብሎ፣ አንዴ ደክሞ ይመጣል። የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ ማንም ሊገምት አይችልም። ይህን ሕመም ሐኪሞች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይሉታል።

ስለዚህ ሕመም ለመናገር የተነሣሁበት ምክንያት አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጉሊት ንግድ ሦስት ልጆች የምታሳድግ አንዲት እህታችን ድካምና የልብ ምት መዛባት ያስቸግራት ነበር። ከሐኪም ቤት የተሰጣት ወረቀት ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይላል። በውጭ አገር የሚኖር ዘመዷ ይህን ሰምቶ፣ «እዚህ በልብ ውስጥ ሽቦ አስገብተው በአንድ ቀን ያድኑታል» ብሎ ነገራት። መዋጮ ተጀመረ። የልመናውን ደብዳቤ በጉባኤ ፊት ቆሜ ያነበብኩት እኔ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ካለው ሰጠ። እርሷም በበኩሏ ገንዘቡ ቶሎ እንዲሞላ ብላ፣ ለየወሩ የደም ምርመራና ለመጓጓዣ የምታወጣውን መቆጠብ ጀመረች። ዋርፋሪን የሚባለውን ክኒንም «እድን የለ?» ብላ ተወችው።

የጉዞው ቀን ሳይቆረጥ፣ አንድ ማለዳ ከአልጋዋ ልትነሣ ስትል ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አሏት። አንደበቷም ተያዘ። ከልቧ የተነሣ የረጋ ደም ወደ አንጎሏ ሄዶ ነበር።

በሆስፒታል ሳለች ወረቀቶቿን አገላበጥኩ። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ከሚለው መሥመር በላይ ሌላ መሥመር ነበረ፦ በሩማቲክ ሕመም የጠበበ ማይትራል ቫልቭ። ያን መሥመር ከእኛ መካከል ያስተዋለው አልነበረም። እኔ ደብዳቤውን አነበብኩ እንጂ ወረቀቱን አላነበብኩም። የጤና ሠራተኛ ሆኜ ሳለሁ ይህን ባለማድረጌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ሕመሙ ምን እንደ ሆነ፣ የካቴተሩ ሕክምና ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ፣ ከመዋጮም በፊት ምን መጠየቅ እንደሚገባን በተቻለኝ መጠን በግልጽ አስረዳለሁ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ልባችን አራት ክፍሎች አሉት። ሁለቱ ላይኞች ደም ይቀበላሉ፤ ሁለቱ ታችኞች ደም ይገፋሉ። በቀኙ ላይኛ ክፍል ግድግዳ ውስጥ ያለች ትንሽ ስፍራ፣ ዐርፈን ሳለን በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ የኤሌክትሪክ ምልክት ትሰጣለች፤ ልብም በእርሷ ትእዛዝ ይመታል። የመዘምራን መሪ እጁን ሲያነሣ ሁሉም በአንድነት እንደሚጀምሩ ማለት ነው።

በኤትሪያል ፊብሪሌሽን ጊዜ ግን መሪው አይሰማም። በላይኞቹ ክፍሎች ያለው ሥጋ ሁሉ በየፊናው መዘመር ይጀምራል። በደቂቃ ከ350 እስከ 600 የሚደርስ የተዘበራረቀ ምልክት ይነሣል። እነዚህ ክፍሎች ይንቀጠቀጣሉ እንጂ አይጨመቁም። ከላይኛው ወደ ታችኛው ክፍል የሚወስደው የኤሌክትሪክ መተላለፊያ ከዚህ ሁሉ የሚያሳልፈው ጥቂቱን ብቻ፣ ያውም ያለ ሥርዓት ስለ ሆነ፣ የእጅ ትርታ እንደዚያ የተዛባ ይሆናል። በ1909 በለንደን ቶማስ ሉዊስ የተባለ ሐኪም፣ ሆላንዳዊው አይንትሆቨን በሠራው የልብ ኤሌክትሪክ መመዝገቢያ መሣሪያ በመጠቀም፣ ብዙ ጊዜ የሚታየው ይህ የተዛባ ትርታ ከላይኞቹ ክፍሎች መርገብገብ የሚመጣ መሆኑን አስረዳ።

አንዳንዱ ሕመምተኛ ልቡ ሲርገበገብ፣ ትንፋሽ ሲያጥረውና ሲደክመው ይታወቀዋል። ሌላው ደግሞ ምንም አይሰማውም። አደጋው ግን በሁለቱም ላይ አለ። የማይጨመቅ ክፍል ውስጥ ያለ ደም እንደ ኩሬ ውኃ ይቆማል፤ የቆመ ደምም ይረጋል። በግራው ላይኛ ክፍል ጎን ጆሮ የመሰለች ትንሽ ኪስ አለች፤ የረጋው ደም ብዙ ጊዜ የሚጠራቀመው በእርሷ ውስጥ ነው። ከዚያ ተነቅሎ ወደ አንጎል ሲሄድ ስትሮክ ይሆናል። በአሜሪካ ፍሬሚንግሃም በምትባል ከተማ ነዋሪዎች ላይ ለብዙ ዓመታት የተደረገው ጥናት በ1978 እንዳስታወቀው፣ ቫልቫቸው ጤነኛ የሆነ የዚህ ሕመም ተጠቂዎች በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው ሕመሙ ከሌለባቸው ሰዎች 5 እጥፍ ያህል ሲሆን፣ በሩማቲክ የተጎዳ ቫልቭ ሲጨመርበት ግን 17 እጥፍ ያህል ይደርሳል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች እንድታስታውሱ እለምናችኋለሁ፤ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ቱቦው ወደ ልብ እንዴት ደረሰ?

በተለምዶ «ሽቦ» የምንለው ካቴተር ቀጭንና ተጣጣፊ ቱቦ ነው። በ1929 በጀርመን ኤበርስቫልደ በተባለች ከተማ ቨርነር ፎርስማን የተባለ ወጣት ሐኪም እንዲህ ያለውን ቱቦ በገዛ ክንዱ ደም ሥር አስገብቶ እስከ ልቡ ገፋው፤ ከዚያም ወደ ራጅ ክፍል ሄዶ ፎቶግራፍ አስነሣው። ሰው ሁሉ እንደ ዕብደት ቆጠረበት። በ1956 ግን ከሁለት ሌሎች ሐኪሞች ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

በቱቦ ምርመራ ማድረግ ቀስ በቀስ ከተለመደ በኋላ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሳን ፍራንሲስኮ ሜልቪን ሻይንማንና ባልደረቦቹ በቱቦው በኩል የኤሌክትሪክ ንዝረት ሰጥተው ከላይኛው ወደ ታችኛው ክፍል ያለውን መተላለፊያ መቁረጥ ቻሉ። ይህ ፍጥነቱን ያበርዳል እንጂ የላይኞቹን መርገብገብ አያቆምም፤ ሕመምተኛውም ከዚያ በኋላ የልብ ምት ሰጪ መሣሪያ ያስፈልገዋል። በ1987 ደግሞ በሴንት ሉዊስ ጀምስ ኮክስ የተባለ ቀዶ ሐኪም ደረት ከፍቶ፣ ላይኞቹን ክፍሎች በሥርዓት እየቆረጠና እየሰፋ፣ ኤሌክትሪኩ በአንድ መንገድ ብቻ እንዲሄድ አደረገ። ሕመምተኞች ዳኑበት፤ ነገር ግን ሥራው እጅግ ከባድ ነበር።

ትልቁ መለወጥ የመጣው በ1998 ከፈረንሳይ አገር፣ ከቦርዶ ነው። ሚሼል አይሳገርና ባልደረቦቹ ሕመሙ እየመጣ የሚሄድባቸውን 45 ሰዎች በካቴተር መርምረው፣ ሁከቱ ከየት እንደሚጀምር ፈለጉ። የሁከት መነሻ የሆኑ 69 ስፍራዎች አገኙ፤ ከእነዚህም ከመቶው 94ቱ በልብ ውስጥ ሳይሆኑ፣ ከሳንባ ወደ ግራው ላይኛ ክፍል ደም በሚመልሱት ሥሮች ውስጥ ነበሩ። የልብ ሥጋ እንደ እጅጌ ወደ እነዚህ ሥሮች ጥቂት ይዘልቃልና፣ ረባሹ ምልክት የሚነሣው ከዚያ ነበር። ስለዚህ ልብን ሁሉ መቆራረጥ ሳያስፈልግ፣ በእነዚህ ሥሮች አፍ ዙሪያ አጥር ማጠር እንደሚበቃ ታወቀ።

ሥራው እንዴት ይከናወናል?

ሕመምተኛው አስቀድሞ ደም ማቅጠኛ ይወስዳል። ብዙ ጊዜም በጉሮሮ በሚገባ ልዩ አልትራሳውንድ ወይም በሌላ ምርመራ በልቡ ውስጥ የረጋ ደም አለመኖሩ ይታያል። ካለ ሥራው ይቆያል፤ ቱቦው ሊነቅለው ይችላልና። ከዚያ በማደንዘዣ ተኝቶ ሳለ፣ ቱቦዎቹ በብሽሽት በኩል በደም መልስ ሥር ገብተው ወደ ልብ ቀኝ ክፍል ይወጣሉ። ቀኙን ከግራው የሚለየው ቀጭን ግድግዳ በመርፌ ተወግቶ ወደ ግራ ይታለፋል። ሐኪሙ በኮምፒዩተር የልቡን ካርታ እያየ፣ ከየሥሩ አፍ ዙሪያ ነጥብ በነጥብ በሙቀት ይተኩሳል። የተተኮሰው ሥጋ ጠባሳ ይሆናል፤ በጠባሳም ኤሌክትሪክ አያልፍም።

ሌላው መንገድ ብርድ ነው። በቱቦው ጫፍ ያለች ትንሽ ፊኛ በሥሩ አፍ ላይ ተነፍታ፣ በውስጧ በሚለቀቅ ጋዝ ዙሪያውን ባንድ ጊዜ ታቀዘቅዘዋለች። በ2016 የታተመና በ762 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ሙቀቱንና ብርዱን አወዳድሮ ውጤታቸው ተቀራራቢ መሆኑን አሳየ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ እጅግ አጭር በሆነ የኤሌክትሪክ ምት የልብን ሥጋ ብቻ ለይቶ ለመግደል የሚሞክር ሦስተኛ መንገድ መጥቷል። በአሜሪካ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ መሣሪያ የተፈቀደው በ2023 መጨረሻ ነው። የጉሮሮን ቧንቧና በአቅራቢያ ያለውን ነርቭ ከመጉዳት ይልቅ ያድናል ተብሎ ይታመናል።

ምን ይሰጣል? ምን አይሰጥም?

ይህ ሕክምና ትልቅ ነገር ነው፤ ላጣጥለው አልተነሣሁም። ልቡ እየተርገበገበ ሥራ ያቃተውን ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ሥራው ይመልሰዋል። በ2018 የታተመ ካስል የተባለ ጥናት፣ ከዚህ ሕመም ጋር ልባቸው የደከመ 363 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት መካከል ከመቶው 45 ያህሉ ሞቱ ወይም በልብ ድካም ሆስፒታል ገቡ፤ ካቴተር ከተደረገላቸው ግን 28 ያህሉ ብቻ።

ነገር ግን ሁሉን የሚያድን አይደለም። ቀደም ብዬ በጠቀስኩት የሙቀትና የብርድ ጥናት፣ በሁለቱም ወገን ከሦስቱ ሰዎች በአንዱ ያህል ላይ ሕክምናው በአንድ ዓመት ውስጥ የተፈለገውን ውጤት ሳይሰጥ ቀርቷል። ሁለተኛ ጊዜ መደገም የሚያስፈልጋቸው ጥቂቶች አይደሉም። በ2019 የታተመውና 2,204 ሰዎች የተካፈሉበት ካባና የተባለ ጥናት ደግሞ፣ ሞትን፣ ከባድ ስትሮክን፣ ከባድ መድማትንና የልብ መቆምን አንድ ላይ ቆጥሮ ሲያነጻጽር፣ ካቴተር በተደረገላቸውና በመድኃኒት በታከሙት መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኘም። የካቴተሩ ወገን ሕመሙ የቀለለለትና ኑሮው የተሻሻለለት ነበር።

አደጋም አለው። ብሽሽት ላይ ደም ሊፈስ፣ ልብ ተበስቶ በሽፋኑ ውስጥ ደም ሊሞላ፣ በሥራው ጊዜም ስትሮክ ሊመጣ ይችላል። እጅግ አልፎ አልፎ ሙቀቱ ከልብ ኋላ ያለውን የጉሮሮ ቧንቧ ይበሳዋል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ሰውየው ቤቱ ከገባ ከሳምንታት በኋላ፣ በትኩሳትና ለመዋጥ በመቸገር ነው። ከውጭ ታክሞ የተመለሰ ሰው እነዚህን ምልክቶች ካየ፣ ምን እንደ ተደረገለት ነግሮ በዚያኑ ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ይህ ነው፦ ካቴተሩ ደም ማቅጠኛውን አያስቀርም። ከሥራው በኋላ ቢያንስ ለ2 ወይም 3 ወር ሁሉም ይወስዳል። ከዚያም በኋላ የሚወሰነው ልቡ ደኅና መምታቱ ታይቶ ሳይሆን፣ በዕድሜው፣ በደም ግፊቱ፣ በስኳሩ፣ ቀድሞ ስትሮክ ይዞት እንደ ሆነና በቫልቩ ነው። ትርታው ተስተካከለ ብሎ ክኒኑን የሚጥል ሰው እህታችን የወደቀችበት ጉድጓድ አጠገብ ቆሟል።

የእኛ አገር ነገር

እነዚህ ታላላቅ የካቴተር ጥናቶች የተደረጉት በአብዛኛው በበለጸጉ አገሮች፣ ሕመሙ ከዕድሜ፣ ከደም ግፊትና ከውፍረት ጋር በመጣባቸው ሰዎች ላይ ነው። በእኛ አገር ግን ብዙዎች ወደዚህ ሕመም የሚደርሱት በሌላ መንገድ፣ ገና በወጣትነት ነው። ነገሩ የሚጀምረው በልጅነት ከሚይዝ የጉሮሮ ሕመም ነው። በአግባቡ ያልታከመ በባክቴሪያ የመጣ ቶንሲል፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ ከሳምንታት በኋላ የመገጣጠሚያ እብጠትና ትኩሳት ያመጣል፤ የልብንም ቫልቭ ያቆስላል። ቁስሉ በየጊዜው እየተደጋገመ ቫልቩ ይጠብባል። የግራው ላይኛ ክፍል ደም ማሳለፍ አቅቶት ይለጠጣል፤ የተለጠጠውም ክፍል በመጨረሻ ይርገበገባል።

ለእንዲህ ያለው ሰው በሥሮቹ አፍ ዙሪያ አጥር ማጠር ሥሩን ትቶ ቅርንጫፉን እንደ መቁረጥ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ቫልቩ ነው። ለጠበበ ቫልቭ ሌላ የካቴተር ሕክምና አለ። ጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌና ባልደረቦቹ በ1984 እንዳስታወቁት፣ በዚያው በብሽሽት መንገድ ፊኛ ገብቶ የጠበበውን ቫልቭ ይከፍታል። ለሁሉ አይሆንም፤ የቫልቩ ዐይነት በኢኮ ምርመራ ይለያል፤ ለአንዳንዱ ቀዶ ሕክምና ይሻላል። «ሽቦ» የሚለው አንድ ቃል እነዚህን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ስለሚጠቀልል፣ የትኛው እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ ክኒኑም እንዲሁ ነው። በየወሩ ምርመራ የማያስፈልጋቸው አዳዲስ ደም ማቅጠኛዎች አሉ፤ በውጭ ያሉ ዘመዶችም በቅንነት ይልኳቸዋል። ነገር ግን በ2022 የታተመው ኢንቪክተስ የተባለ ጥናት፣ በ24 አገሮች ሩማቲክ የልብ ሕመምና ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ያለባቸውን ከ4,500 በላይ ሰዎች ተከታተለ። አማካይ ዕድሜያቸው 50 ዓመት ገደማ ሲሆን አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ከአዲሶቹ አንዱ የሆነውን ሪቫሮክሳባንን ከወሰዱት ይልቅ፣ ዋርፋሪንና መሰሎቹን ከወሰዱት መካከል የሞቱት ያነሱ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ ቫልቩ በሩማቲክ የጠበበ ሰው ዘመድ በላከው ክኒን ዋርፋሪኑን በራሱ አይለውጥ። የቀደመው ርካሽ ክኒን ለእርሱ የተሻለው ነው።

መዋጮ ከመጀመሩ በፊት

የማኅበረ ምእመናን ተወካዮች፣ ለልብ ሕመምተኛ ገንዘብ ሰብስቡ ስትባሉ፣ በሕመምተኛው ፈቃድ ወረቀቱን ለሐኪም አሳዩና እነዚህን ጠይቁ።

አንደኛ፣ የኢኮ ምርመራ ተደርጓልን? ቫልቩስ እንዴት ነው?

ሁለተኛ፣ የታሰበው ሥራ የትኛው ነው? መርገብገቡን ለማቆም ነው ወይስ ቫልቩን ለመክፈት?

ሦስተኛ፣ ባይሳካ ወይም መደገም ቢያስፈልግ ምን ታስቧል? ሲመለስስ የሚከታተለው ማን ነው?

አራተኛ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ደም ማቅጠኛውና የደም ምርመራው በማን ወጪ ይቀጥላል? ከሚሰበሰበው ገንዘብ የመጀመሪያው ብር ለዚህ ይመደብ። እኛ ይህን አላደረግንም።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ የእናንተ ሥራ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። ለክትትል የመጣውን ሰው ትርታ ለ15 ሴኮንድ ቆጥራችሁ በ4 አታባዙ፤ ሙሉ አንድ ደቂቃ ያዙት። የተዛባ ሆኖ ካገኛችሁት የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ወዳለበት ላኩት። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው የደሙ መለኪያ፣ አይ ኤን አር የሚባለው፣ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 መሆን እንዳለበት አስተምሩ። ጎመንና ቆስጣ አይከልከል፤ ነገር ግን አንድ ሳምንት ትቶ በሌላው ሳምንት አያብዛ። የሕመም ማስታገሻም ሆነ የባህል መድኃኒት ሳይጠይቅ አይጨምር። ዋርፋሪን ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል፣ የመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች እናት ከማርገዟ በፊት ከሐኪም ጋር ትነጋገር፤ በድንገት ብታረግዝም ሳትዘገይ ትሂድ እንጂ በራሷ አታቋርጥ። ጉሮሮውን የሚያመውን ልጅ እንጥሉን ማስቆረጥ መድኃኒት አይሆነውም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ሩማቲክ የተገኘበት ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የታዘዘለትን የፔኒሲሊን መርፌ ሲያቋርጥ፣ ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ምክንያቱን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የመጓጓዣ ገንዘብ ነው።

ያቺ እህታችን በሕይወት አለች። በምርኩዝ ትሄዳለች፤ ጥቂት ቃላትም ተመልሰውላታል። ቀኝ እጇ ግን ሚዛን አይዝም፤ ጉሊቱን ትልቋ ልጇ ይዛዋለች። የተሰበሰበው ገንዘብ ለአካል እንቅስቃሴ ሕክምናዋና ለየወሩ ምርመራዋ ዋለ። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ቢውል ኖሮ ከእርሱ የሚወጣው እጅግ ጥቂት ነበር።

ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ የእናታችሁን፣ የአባታችሁንና የጎረቤታችሁን እጅ ያዙ። አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። የተዛባ ትርታ ካገኛችሁ ስለ ውጭ አገር ከማሰባችሁ በፊት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ ወረቀቱንም እስከ መጨረሻው መሥመር አንብቡ።